ስፔኩላቲቭ ዲዛይን ምንድን ነው? የምግብ ዳታን ሥነ ምግባር ለመፈተሽስ ምን ይጠቅማል?

ስፔኩላቲቭ ዲዛይን ለገበያ የማይቀርብ ዕቃ የሚሠራበት የዲዛይን ዘርፍ ነው። ዕቃው የሚሠራው ገና ያልመጣን ኑሮ ዛሬ በእጅ ይዞ ለመከራከር ነው። አካሄዱን በሰፊው ያስተዋወቁት በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ያስተምሩ የነበሩት አንቶኒ ደን እና ፊዮና ራቢ ናቸው።

የምግብ ዳታ፣ ማለትም ምግብ ሲመረትና ሲገዛ የሚመዘገበው መረጃ፣ ጉዳቱ በተሰበሰበበት ቦታ ስለማይታይ ለዚህ ሥራ ይመቻል። የሱፐርማርኬት የደንበኝነት ካርድ የሚመዘግበው ግዢ ነው፤ ግዢው ግን እርግዝናን፣ የስኳር ሕመምን፣ ጾምን ሊያሳብቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ የጤናና የእምነት መረጃን ለይቶ ይጠብቃል፤ ደረሰኝ ግን ላየው ሰው የጤና መረጃ አይመስልም። እርሻ ላይም እንዲሁ ነው፦ የማጨጃ ማሽኑ የለካው የምርት መጠን እህል ገዢው እጅ ከገባ ገበሬው ዋጋ የሚደራደርበት አቅም ይሳሳል።

ሥራው የሚጀምረው አንድን እውነተኛ የዳታ መንገድ በመከተል ነው፤ ማን ይሰበስበዋል፣ ለማን ያልፋል፣ ማን ይወስንበታል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል፤ ለምሳሌ የጤና መድን ድርጅት ደረሰኞችን እንዲያይ ይፈቀድለታል። ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ከተቀየረ በዕቃው ላይ ለመወያየት የተጠራው ተሳታፊ የቱን እንደሚቃወም ይጠፋዋል።

ዕቃው ተራ ደረሰኝ ቢሆን ይበቃል። በተለመደው ስስ ወረቀት ይታተማል፤ ከየዕቃው ዋጋ ጎን በመድን ክፍያው ላይ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው ይጻፋል፤ ከታች በደቃቅ ፊደል «ይህ ግዢ በቤተሰቡ ስም ተመዝግቧል» ይላል። ክርክሩን የምትቆሰቁሰው ይህች መስመር ናት። ልጅ የገዛው ከረሜላ የእናቱን ክፍያ ያንረዋል? ለጎረቤት የተገዛ ስኳርስ? ስሕተት ሲገኝ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

ለውይይቱ ከ6 እስከ 8 ሰውና 90 ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ማብራሪያ አይሰጥም፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሚነሱት ጥያቄዎች ብቻ ይጻፋሉ። በመጨረሻ ጥያቄዎቹ ወደ ደንብ ይለወጣሉ፦ ዳታው መቼ ይሰረዝ፣ ለማን አይተላለፍ።

ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው ማስፈራራት ነው። ዕቃው ክፋት ብቻ ካለው ሁሉም «አይሆንም» ይልና ክርክሩ እዚያው ይሞታል፤ ስለዚህ በእውነት የሚጠቀምበት ሰው ሊኖር ይገባል፤ ክፍያው የሚቀልለት ቤተሰብ ለምሳሌ። ሸማቾች ብቻ ከተጠሩም የገበሬውና የመጋዘን ሠራተኛው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። ደረሰኙ የፈጠራ መሆኑ ከስብሰባው በፊት ካልተነገረ፣ ሰዎች ከመለያየታቸው በፊት የግድ ይነገራቸው። የራሳቸውን ደረሰኝ ይዘው እንዲመጡ ግን አይጠየቁ፤ ያኔ አዘጋጁ ራሱ የሰው ጤና ዳታ ሰብሳቢ ይሆናል።