በተፈጥሮ ሀብት ላይ ያለ ቋሚ ሉዓላዊነት ምንድን ነው?

ክረምት ሲቃረብ ከቡሬ እስከ ሞጣ የጎጃም ገበሬ ዓይኑ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ላይ ነው፤ ማዳበሪያ ገባ ወይ? በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ፎስፌት ከድንጋይ የሚገኝ ነው፤ አገራችንም ለዓመታት ከሞሮኮ ስትገዛ ቆይታለች። የሞሮኮ ፎስፌት አብዛኛው የሚወጣው ማንም ከማይከራከርበት መሬቷ ነው። ቡ ክራ የተባለው ማዕድን ግን ምዕራብ ሰሐራ ውስጥ ነው፤ ስፔን በ1976 ለቅቃው የወጣችው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬ አብዛኛውን ሞሮኮ የያዘችው፣ የሰሐራዊ ሕዝብ ደግሞ የነጻነት ጥያቄ የሚያነሳበት ግዛት። የዚህ ድንጋይ ባለቤት ማን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1962 በውሳኔ ቁጥር 1803 ያጸደቀው፣ «በተፈጥሮ ሀብት ላይ ያለ ቋሚ ሉዓላዊነት» የተባለው ሐሳብ መልስ አለው፦ ማዕድኑም ውኃውም ዓሣውም የሕዝቡ ነው፤ ገዢ ቢለዋወጥ ባለቤቱ አይለወጥም።

ራሳቸውን በራሳቸው በማያስተዳድሩ ግዛቶች ላይ ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ነው። በድርጅቱ መዝገብ ዛሬም 17 አሉ፤ ምዕራብ ሰሐራ ከ1963 ጀምሮ አንዱ ነው። የቻርተሩ አንቀጽ 73 አስተዳዳሪውን ባለአደራ ያደርገዋል። የሙት ልጅ መሬት የያዘ ሞግዚት መሬቱን ቢያሳርስ፣ እህሉንም ለልጁ ቀለብ ቢያውል የሚነቅፈው የለም፤ ባሕር ዛፉን ሸጦ ለራሱ ቤት ቆርቆሮ ቢገዛ ግን ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ሞሮኮ ደግሞ በመዝገቡ ላይ በአስተዳዳሪነት እንኳ አልሰፈረችም።

በ2002 የድርጅቱ የሕግ አማካሪ ሀንስ ኮሬል ለጸጥታው ምክር ቤት በጻፉት አስተያየት የማዕድን ፍለጋ ውል ብቻውን ሕግ አይጥስም አሉ፤ ሥራው የሕዝቡን ጥቅምና ፈቃድ ወደ ጎን ትቶ ከቀጠለ ግን ይጥሳል።

ጥቅምና ፈቃድ። ጥቅምን ማሳየት ቀላል ነው፤ መንገድ ተሠራ፣ ሥራ ተገኘ ይባላል። ፈቃዱስ ከማን ይጠየቃል? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2024 ኅብረቱ ከሞሮኮ ጋር ያደረጋቸው የንግድና የዓሣ ስምምነቶች ለምዕራብ ሰሐራ እንዳይሠሩ የሻረውን ፍርድ አጸና። በፍርዱ መሠረት አሁን በግዛቱ የሚኖሩትን ማማከር የሕዝቡን ፈቃድ አይተካም፤ የሰሐራዊ ሕዝብ አብዛኛው ከግዛቱ ውጭ ነውና። እኔ በበኩሌ የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ይመስለኛል። ባለቤቱ በአልጄሪያ በረሃ በስደት ድንኳን ውስጥ እያረጀ፣ በቀረው ነዋሪ አፍ «ተስማምተዋል» ማለት ግፍ ነው።

ኢትዮጵያም በዚህ ትግል ስም አላት። በ1960 ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን ያኔ ይዛት በነበረችው በናሚቢያ ጉዳይ ከሰሰች፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1966 ከሳሾቹ መብት የላቸውም ብሎ ዘጋው። የተባበሩት መንግሥታት የናሚቢያ ምክር ቤት በ1974 ያለ ፈቃዱ ማዕድን እንዳይወጣ ቢደነግግም፣ ዩራኒየሙ መጫኑን አላቆመም።

ይሁንና ሕጉ አንዳንዴ ይይዛል። በ2017 የቡ ክራን ፎስፌት የጫነ መርከብ ደቡብ አፍሪካ ወደብ ላይ ተያዘ፤ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ፍርድ ቤት ጭነቱ የሰሐራ የነጻነት ታጋዮች ያወጁት የሰሐራዊ ሪፐብሊክ ንብረት ነው ብሎ ፈረደ።