የድምፅ ማጉያ ግራፍ ሲነበብ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሞንታርቦ (ትልቅ ስፒከር) ሊገዛ የሚመጣ ሰው ድሮ የሚጠይቀው ዋቱን ብቻ ነበር። አሁን አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ የፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ ግራፍ ያሳየኛል፤ ስፒከሩ ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን እያንዳንዱን ድምፅ ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያወጣ የሚያሳይ ኩርባ ነው። አግድም የድምፁ ቅጥነት በኸርዝ፣ ወደ ላይ ጉላቱ በዴሲቤል ይጻፋል። በጣም ደስ ይለኛል፤ ለሠርግ ድምፅ የምናከራይ ሁሉ ማየት ያለብን እሱኑ ነው። ችግሩ፣ ግራፉን የሚያየው ሰው ኩርባውን እንጂ ዳርና ዳር የተጻፉትን ቁጥሮች አያነብም።

«መስመሮቹ እኩል አልተራራቁም፤ ግራፉ የተበላሸ ነው»

አልተበላሸም። አግድም ያለው መስመር በሎጋሪዝም የተከፈለ ነው፤ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ያለው ስፋት ከ2,000 እስከ 20,000 ካለው ጋር እኩል ነው። እንዲህ የሆነው ጆሯችን የሚሰማው በእጥፍ ስለሆነ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ያውቀዋል፦ ከ220 ወደ 440 መውጣትና ከ440 ወደ 880 መውጣት በጆሮ አንድ ዓይነት እርምጃ ነው፤ አንድ ኦክታቭ። በቁጥር ግን የመጀመሪያው 220፣ ሁለተኛው 440 ኸርዝ ነው። ከ20 እስከ 20,000 ደግሞ 10 ያህል ኦክታቭ አለ። ግራፉ 20 ሴንቲሜትር ወርድ ባለው ወረቀት ላይ በእኩል ቁጥር ቢከፈል ኖሮ፣ ከ200 በታች ያለው ቤዝ በሙሉ፣ ከ3 ኦክታቭ በላይ የሆነው፣ 2 ሚሊሜትር ውስጥ ይታጨቅ ነበር። የመጨረሻው አንድ ኦክታቭ ብቻውን ግማሹን ወረቀት ይወስዳል።

ይህን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ የዘፋኙ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ስለካው በ100 እና በ1,000 መካከል፣ ልክ መሃል ላይ፣ ጉብታ አየሁ። መሃሉ 550 ነው ብዬ ኢኳላይዘሩ (እያንዳንዱን የድምፅ ክልል ለየብቻ የሚያጎላና የሚቀንስ መሣሪያ) ላይ 500ን ዝቅ አደረግኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በሎጋሪዝም መስመር ላይ የ100 እና የ1,000 መሃል 316 አካባቢ ነው። 315 የሚለውን ፌደር (ተንሸራታች መቆጣጠሪያ) ሳወርደው ድምፁ ጠራ። ባለ 31 ፌደር ኢኳላይዘርም የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ በየአንድ ሦስተኛ ኦክታቭ።

«ከዜሮ ያልጀመረው የሚደበቅ ነገር ስላለ ነው»

20፣ 10፣ 5፣ 2.5 እያልን ብንከፍል ዜሮ ላይ አንደርስም። የሎጋሪዝም መስመር ዜሮ የለውም።

«ዜሮ ዴሲቤል ማለት ዝምታ ነው»

ዴሲቤል ንጽጽር ነው፤ «ከምን ጋር?» ሳይባል ትርጉም የለውም። የአየር ድምፅ ሲለካ ዜሮው 20 ማይክሮፓስካል ነው፤ ጤነኛ ጆሮ ሊሰማው ለሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ የቀረበ። የድምፅ ማጉያ ግራፍ ላይ ግን ዜሮ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ የመረጠው ደረጃ ነው። ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም አይደል? እንደዚያው።

«ከ500 ዋት ወደ 1,000 ብቀይር ድምፁ እጥፍ ይሆናል»

ኃይል እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይሰማል፣ ግን ትንሽ ነው። ለጆሮ እጥፍ ያህል እንዲመስል 10 ዴሲቤል፣ ማለትም 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ገንዘባችሁን ዋት ላይ ብቻ አታፍስሱ የምለው። ቮልቴጅ ሲነጻጸር እጥፉ 6 ዴሲቤል ነው፤ ኃይል በቮልቴጅ ካሬ ስለሚያድግ ሁለቱ አይጋጩም።

«ካርቶኑ ከ20 እስከ 20,000 ይላል፤ ስለዚህ ሙሉ ነው»

ከጎኑ «ፕላስ ማይነስ 3 ዴሲቤል» ወይም የመሳሰለ ገደብ ከሌለ ይህ ቁጥር ምንም አይነግርም። በ40 ኸርዝ ላይ በ3 ዴሲቤል የወረደ ስፒከር ግማሽ ኃይሉ አለው፤ ቤዙ ይሰማል። በ20 ዴሲቤል የወረደው የቀረው አንድ መቶኛ ነው፤ ቤዙ የለም ማለት ይቻላል። ካርቶናቸው ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል።

«መስመሩ ቀጥ ያለው ይሻላል»

መጀመሪያ ቋሚውን መስመር እዩ። የ10 ዴሲቤል ጉብታ፣ ቁመቱ 20 ዴሲቤል በሆነ ግራፍ ላይ ግማሹን ገጽ ይይዛል፤ 100 ዴሲቤል በሆነው ላይ አንድ አስረኛውን ብቻ። አምራቹ ኩርባውን በአንድ ኦክታቭ አማካይ አለስልሶት ከሆነ ደግሞ ጠባብ ጉድጓዶች ፈጽሞ አይታዩም። ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ የሁለቱም ግራፍ ቁመትና ማለስለሻ አንድ መሆኑን ሻጩን ጠይቁት።