«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»

ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። ልምድ የሌለው ሰው የያዘው ሥራ ለተፈለገበት ሰዓት አይደርስም፣ ቢደርስም እንደታሰበው አይሆንም ለማለት ነው። አዲስ ተቀጣሪ ከባድ ሥራ ሲጣልበት፣ ጎረምሳ ሽምግልና ልቀመጥ ሲል ይጠቀሳል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታናሹን ዝቅ ለማድረግ ነው። እኔ ልጆች ማሳደግ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ነገሩ የሚመለከተው ታላቁን ይመስለኛል።

አባባሉ የመጣው ከጓዳ ነው። ሊጥ ማቡካት ለሚያይ ሰው ቀላል ነው። ዱቄቱ ይነፋል፣ ውኃ ጠብ እየተደረገ ይታሻል፣ እርሾ ይገባበታል። ከዚያ ጥበቃ ነው። ሲቦካ ከላይ ያቀረረው ውኃ ይደፋል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ያለጊዜው ምጣድ ላይ ከወጣ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

የኛ ብርድ ደግሞ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሊጡ እሺ አይልም። ቡሃቃውን በአሮጌ ባና ጠቅልዬ ምድጃው ጥግ ባስቀምጠውም ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ጣርማ በርን አልፈው ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርዱ ግን ቶሎ ይቦካል፤ ትንሽ ከዘነጉት ይኮመጥጣል። እንግዲህ ደጋ ላይ ዛሬ የተቦካ ሊጥ በልጅም በአዋቂም እጅ ለዛሬ እራት አይደርስም። አዋቂዋ ይህን ስለምታውቅ ቀድማ ታቦካለች። ልጅ ግን የሚጠራው ቤቱ እንጀራ ሲያልቅ፣ እንግዳ በር ላይ ሲቆም ነው። «ቶሎ በይ!» ይባላል። ሳይደርስ ሲቀር ስድቡ ለልጅ ነው። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አንድ ቀን እጇን እስከ ክርኗ ቡሃቃው ውስጥ ከትታለች። ዱቄቱ ጓጉሎባታል። የጓጎለውን በጣቷ እየፈለገች አንድ በአንድ ታፈርጣለች፣ ምላሷን አውጥታ። አማቴ ምድጃው አጠገብ ሆነው አባባሉን ጣል አደረጉ። ልጅቷ እጇን አውጥታ ቆመች።

«እማማ፣ የእሑድ እኮ ነው» አልኳቸው። ገና ኀሙስ ነበር።

«እንዲያ ከሆነማ ትጨርሰው» አሉና ውኃውን አቀበሏት።

ለወንዶቹም ያው ነው። አጥር ማጠሩንም በግ ማገዱንም፣ ቢበላሽ የሚታረምበት ጊዜ ሲኖር ነው ማስያዝ። ለነገ የተሰጠውን ሥራ ልጅ እየተሳሳተ ይለምደዋል። ለዛሬ ማታ የተሰጠው ግን ፍርሃት ብቻ ነው የሚያተርፍለት። ተርቦ የሚጠብቅ ቤተሰብ ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

አሁን እኛ ቤት መንፋቱና ማሸቱ የልጄ ነው፤ ውኃ የሚያቀርብላት ታናሽ ወንድሟ ነው። አብሲቱ የፈላ ውኃ ስላለበት ግን ከፍ እስክትል ድረስ የኔው ሥራ ነው።