የዶክተር ቴት ሻናፌልት ጥናቶች፦ የሐኪሞች በርንአውት

ዶክተር ቴት ሻናፌልት አሜሪካዊ የደም ካንሰር ሐኪም ናቸው። ስማቸው የገነነው ግን በሉኪሚያ ብቻ አይደለም፤ የሐኪሙን የራሱን መዛል በማጥናት ነው። አማርኛችን ለዚህ ገና የረጋ ቃል አላበጀም። «የሥራ ዝለት» የሚሉ አሉ። ሆስፒታል ውስጥ ግን በርንአውት ይቀናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉን በ1974 ወደ ሙያ ጽሑፍ ያመጡት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ናቸው። መለኪያውን ደግሞ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 አወጡ። መጠይቁ 22 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። መላሹ ስሜቱ ምን ያህል እንደሚመላለስበት ከ0 («በጭራሽ») እስከ 6 («በየቀኑ») ይሞላል። የሚለካው ሦስት ነገር ነው፦ የስሜት መሟጠጥ፣ በሠሩት ሥራ አለመርካት፣ በሽተኛን እንደ ሰው አለማየት። የመጨረሻው ለጆሮ ይከብዳል። ዱቲ ያደረ ግን ያውቀዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነርሷ ስትቀሰቅስ ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው የታማሚው ስም ሳይሆን «አልጋ 7» ነው።

የሻናፌልት የመጀመሪያው ታዋቂ ጥናት በ2002 ወጣ። የተጠኑት በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሬዚደንቶች፣ ማለትም ለስፔሻሊስትነት በመሠልጠን ላይ ያሉ ሐኪሞች፣ ነበሩ። ከመለሱት 115ቱ 87ቱ፣ ማለትም 76 በመቶው፣ በርንአውት ነበረባቸው። የሚያስደነግጠው ግን ሌላው ነው። በርንአውት ካለባቸው 53 በመቶው በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሚገባው በታች ሕክምና እንደሰጡ በገዛ እጃቸው ጻፉ። ከሌሎቹ ይህን ያሉት 21 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያ ዘመን ይህን በወረቀት ማስፈር ወኔ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካው ሆስፒታል በማዮ ክሊኒክ ከኮሊን ዌስትና ከሎቲ ዲርቢ ጋር ሥራው ሰፋ። በ7,905 የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ላይ የተሠራው ጥናት በ2009 እና በ2010 ታተመ። 8.9 በመቶው ባለፉት 3 ወራት ከባድ ስህተት ሠርተናል ብለው እንደሚሰጉ ተናገሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ከእነዚህ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥፋቱን ከአሠራሩ ይልቅ በራሳቸው ላይ አላከኩ። ሐኪም ሲባል እንዲህ ነው፤ ተረኛ ቢጎድልም፣ ሥራው ከአቅም በላይ ቢሆንም «እኔ ነኝ» ይላል።

በመላው አሜሪካ ሐኪሞች ላይ የተደረገው መጠይቅ በ2012 ታተመ። 7,288 ሐኪሞች መልሰው 45.8 በመቶው ቢያንስ አንድ የበርንአውት ምልክት አሳዩ። በ2014 ወደ 54.4 ወጣ፣ በ2017 ወደ 43.9 ወረደ። በ2020 ደግሞ 38.2 ሆነ። በ2021 መጨረሻ፣ ኮቪድ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ 62.8 በመቶ ደረሰ።

መፍትሔውስ? በ2014 የታተመው የማዮ ሙከራ 74 ሐኪሞችን ያዘ። ግማሾቹ በየ2 ሳምንቱ አንድ ሰዓት ተሰብስበው ያወሩ ነበር፤ ሰዓቱን ሆስፒታሉ እንደ ሥራ ቆጥሮ ይከፍላል። ይህ ለ9 ወር ቆየ። ለእኛ የቡና ተርቲበኛ ነገር ነው፣ ልዩነቱ ደመወዝ ያለው መሆኑ ነው። በሽተኛን እንደ ዕቃ ማየት ቀነሰ፣ ለሥራ ያላቸው ስሜትም ተሻለ። ጭንቀትና የድባቴ ምልክቶች ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

የ2015ቱ ግኝት አለቆችን የሚመለከት ነው። የቅርብ አለቃ በ60 ነጥብ መለኪያ አንድ ነጥብ በተሻለ ቁጥር፣ በሥሩ ያለ ሐኪም በርንአውት የመያዝ ዕድሉ በ3.3 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ግንኙነት እንጂ መንስኤ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ቢሆንም ወሬው «ሐኪሙ ዮጋ ይሥራ» ከሚለው ወደ «ሆስፒታሉ ምን ያስተካክል?» የዞረው በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ነው። ሻናፌልት በ2017 የስታንፎርድ ሕክምና የመጀመሪያው የሐኪሞች ደኅንነት ዋና ኃላፊ ሆኑ።

ቁጥሮቹን የሚጠራጠሩ አሉ። በ2018 የታተመ የ182 ጥናቶች ዳሰሳ ቢያንስ 142 የበርንአውት ትርጉሞች አገኘ፤ ስርጭቱም ከ0 እስከ 80.5 በመቶ ይዘላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መዝግቦታል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሆኖም የሻናፌልት ቡድን በየጥቂት ዓመቱ በተቀራራቢ መለኪያ ስለሚጠይቅ፣ ቢያንስ የእሱ ቁጥሮች እርስ በርስ ይነጻጸራሉ። በ2023 በተደረገው መጠይቅ 45.2 በመቶ ተገኝቷል።