«ሰርቪስ አለን፣ ማኅበር ምን ያደርግልናል?» እና ሌሎች የሆቴል ቤት ወሬዎች

ሆቴል ቤት ውስጥ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ሲነሳ የምሰማው ነገር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ሰልችቶኛል፣ ልጻፈው።

«ማኅበር ማለት አድማ ነው።» አይደለም። አብዛኛው ሥራው ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ነው። አድማ ቢታሰብ እንኳ ሕጉ መጀመሪያ የማስማማት ሙከራ፣ ከዚያም የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል።

«ለትልልቆቹ ሆቴሎች ነው።» በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 ሠራተኛ ይበቃል። ከ10 በታች ከሆናችሁም ከሌሎች ቤቶች ሠራተኞች ጋር ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ።

«ሱፐርቫይዘር አባል አይሆንም።» አባል የማይሆነው የሥራ መሪ ነው፤ ለዚያም የሚታየው የሰውየው ሥልጣን ነው። ከረባት ያሰረ ሁሉ የሥራ መሪ አይደለም።

«ትባረራላችሁ።» በማኅበር አባልነት ማሰናበት ሕገወጥ ነው። ግን የዋህ አንሁን፣ ማንም አሠሪ «ማኅበር ስላቋቋምክ» ብሎ አይጽፍም፤ «አርፍደሃል» ነው የሚለው። ስለዚህ የሰዓት ፊርማችሁንና የሺፍት ፕሮግራማችሁን በስልክ ፎቶ እያነሳችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። «እኛ እኮ ሰርቪስ አለን፣ ደመወዙ ቢያንስም ግድ የለም።» ይህን የሚለኝ ደግሞ አዲስ ልጅ ሳይሆን ዕድሜውን እዚያው የጨረሰ አስተናጋጅ ነው!

ወንድሜ፣ ሰርቪስ የምንላት፣ ቢል ላይ ተደምራ ለእኛ የምትከፋፈለው 10 በመቶ፣ በሕጉ ዓይን ደመወዝ አይደለችም። አዋጁ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም በግልጽ አውጥቶታል። ደመወዝህ 4,000 ብር፣ ሰርቪስህ 7,000 ብር ነው እንበል። አንተ 11,000 ብር የምታገኝ ይመስልሃል። አሠሪው 11 በመቶ፣ አንተ 7 በመቶ የምታዋጡት ጡረታ ግን በ4,000ው ነው። ትርፍ ሰዓትህም እንደዚያው። 10 ዓመት ሠርተህ ሆቴሉ ሠራተኛ ቢቀንስ የሥራ ስንብት ክፍያህ፣ ለቅነሳ የሚጨመረው የሁለት ወር ታክሎበት፣ የስድስት ወር ደመወዝ ነው፤ 24,000 ብር። በ11,000 ቢሰላ 66,000 ይሆን ነበር።

አብራን የምትሠራ የሀውስኪፒንግ ልጅ ወለደች። የ120 ቀን የወሊድ ፈቃዷን ከነደመወዟ አገኘች፣ ሕጉ ተከብሯል። ሰርቪሷ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ዜሮ። የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው ደግሞ በእሱ ነበር። በ2012 ኮሮና ገብቶ ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ ሁላችንም የእሷን ዕጣ ቀመስን፣ እንግዳ ከሌለ ሰርቪስ የለማ።

የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው በጽሑፍ የሚፈራረሙት ውል፣ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሕጉ ዝቅተኛውን ነው የሚያስቀምጠው፤ ከዚያ የተሻለ ከተስማማችሁ የተሻለው ይሠራል። ስለ ሰርቪስ በጽሑፍ ያሰፈራችሁት ነገር ከሌለ ግን ፋይናንስ ክፍሉ የሰጣችሁን ቆጥሮ መቀበል ነው። እኛ ስንደራደር ባለቤቱ የደመወዝ ጭማሪውን ቶሎ እሺ አለ። ያጨቃጨቀን «የወሩ የሰርቪስ ድምር በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ» የምትለዋ መስመር ናት። ለምን ይመስላችኋል?

ስለዚህ እነዚህን አስገቡ። ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ ስንት ፖይንት (ሰርቪሱ የሚከፋፈልበት ነጥብ) እንደሚደርሰው። በወሊድ፣ በሕመምና በዓመት ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ድርሻው ምን እንደሚሆን። የተሰበረ ብርጭቆ ከጋራው ሰርቪስ ይቆረጥ እንደሆነ (አይቆረጥ!)። የማኅበሩ ተወካይ የካሸሩን የወር ሪፖርት እንዲያይ። ረቂቁን ለማዘጋጀት በኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ሥር ያለውን የሆቴልና ቱሪዝም ፌዴሬሽን እገዛ ጠይቁ።

የድርድር ጥያቄውን በጽሑፍ ስጡ፣ በቃል አይሆንም። አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት፣ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ ስለሆነ ግልባጩ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም አስመቱ።