«መንገዱ ደም ሥራችን ነው»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

ጅማ ላይ የመንገድ ወሬ ሲነሳ «የአዲስ አበባው መንገድ ደም ሥራችን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። መንገዱ ከተቆረጠ ኑሮም ይቆማል ማለቱ ነው። አባባሉን ያከበደው ግን «ሥር» የሚለው ቃል ነው።

በግእዝ «ሥርው» የዛፍ ሥርም ነው፣ ጅማትም ነው፣ የደም መሄጃም ነው። ክንድ ላይ ተገትሮ የሚታየውና አፈር ውስጥ የተቀበረው አንድ ስም ይዘው ኖረዋል። አፋን ኦሮሞም እንዲሁ ነው፤ «ሂዳ» ሥር ነው፣ «ሂዳ ዺጋ» ደግሞ የደም ሥር። ሁለቱም ቋንቋዎች በሚነገሩባት ጅማ አባባሉን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ተማሪ ቤት ትልልቆቹ ደም ሥሮች ለሁለት ይከፈላሉ፦ ከልብ የሚወጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መልስ። መንገድም እንዲሁ ሁለት ሥራ አለው። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ሲራራ ነጋዴው አሞሌና ጨርቅ ይዞ ጅማ ሂርማታ ገበያ ይገባል፤ ቡናና ዝባድ ጭኖ ይወጣል። ዛሬም ቡናው በወልቂጤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ መኪናው ሲመለስ ዘይቱን፣ ሲሚንቶውን፣ መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል።

«አውራ ጎዳና» የተነሳው ከሌላ ሐሳብ ነው። አውራ የመንጋ አለቃ ነው፤ አውራ ዶሮ፣ የንብ አውራ፣ አውራ ጣት እንላለን። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ቃሉ የመንግሥት መጠሪያ ሆኖ ጸና፤ ሕዝቡም መሥሪያ ቤቱን ራሱን ባጭሩ «አውራ ጎዳና» ይለው ነበር። አውራ የተባለ መንገድ የሚታወቀው በትልቅነቱ ነው። ደም ሥር ለመባል ግን ትልቅ መሆን ግድ አይደለም።

ስለዚህ አባባሉ ለሰፊው አስፋልት ብቻ ሲሰጥ ቅር ይለኛል። ውሃውን ከአፈር የሚስቡት ቀጫጭኖቹ ሥሮች ናቸው። ከጎማ ወረዳ ማሳዎች ቡና በአህያ ወደ አጋሮ የሚወርድበትን የጭቃ መንገድ የለቀማ ወቅት ዝናብ ካበላሸው፣ አስፋልቱ የቱንም ያህል ቢያምር የሚጫንበት ነገር አይመጣም። የዚያ አገር ገበሬ «ደም ሥራችን» ብሎ ያንኑ የጭቃ መንገድ ቢጠራ፣ ቃሉን ከማንም በላይ በቦታው አውሎታል።