ጥንቸልን ሳጥን ማስለመድ ምንድን ነው?

ቤት ውስጥ የምትኖር ጥንቸል ሽንቷንና በጠጧን በየወለሉ መበተኗን ትታ አንድ ሳጥን ውስጥ እንድትጸዳዳ ማድረግ ነው። «ጥንቸል ደግሞ ይህን ትለምዳለች?» የሚል አይጠፋም። ትለምዳለች። ግማሹን ሥራ ተፈጥሮ ጨርሶታል፤ ጥንቸል ወትሮም የምትሸናበት ቋሚ ቦታ አላት፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ጥግ። እሷን ወደ ሳጥኑ ከመጎተት ሳጥኑን ወደመረጠችው ጥግ መውሰድ ይሻላል። ክርክር ከገጠማችኋት የምታሸንፈው እሷ ናት።

ዋናው ዘዴ ድርቆሽ፣ ማለትም የደረቀ ሣር ነው። ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ትወዳለች። ድርቆሹን ከሳጥኑ አንድ ጫፍ አድርጉላት፤ ስትግጥ ስለምትውል እዚያው ትቀመጣለች፣ የቀረው በራሱ ይመጣል። ብዙ ሰው «ምግብና ሽንት ቤት አንድ ላይ? ኧረ ያስጠላል!» ብሎ ድርቆሹን ያርቀዋል። ከዚያ ለምን እንዳልለመደች ግራ ይገባዋል።

ለንጣፍ የተቀዳደደ ወረቀት ይበቃል። ለድመት የሚሸጠው፣ ሲረጥብ የሚጓጉለው አሸዋ ግን አይሆንም። ጥንቸል ያገኘችውን ስለምትቀምስ ሆዷን ሊዘጋው ይችላል። ሽታው የሚያፍን ሰጋቱራም ይቅር።

መጀመሪያ ላይ ቤቱን ሁሉ አትልቀቁላት፤ በትንሽ ቦታ ትጀምር። ውጭ ያገኛችሁትን በጠጥ ሳጥኑ ውስጥ መልሱት። ሽንቱን በወረቀት አድርቁና ወረቀቱንም እዚያው ጣሉት፣ ሽታው ይመራታል። ወለሉን በነጭ ኮምጣጤ ማጽዳት ነው። መቆጣት ማስፈራት እንጂ ማስተማር አይደለም።

ከ4 እስከ 6 ወር ገደማ ሲሞላት የለመደችው ሁሉ ሊጠፋባት ይችላል። ጉርምስና ነው። ወንዱም ሴቷም ግዛታቸውን በሽንት ማመልከት ይጀምራሉ። ይህን በደንብ የሚያረግበው የማምከን ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለውጡ ግን ሳምንታት ይፈልጋል።

ጤነኛ ጥንቸል በቀን ከ200 በላይ ፍሬ በጠጥ ትጥላለች። አምስት ስድስቱ ውጭ ቢገኙ ምን አለበት? ለስላሳ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘው ደግሞ ሌላ ነው። ሴኮትሮፕ ይባላል፤ ራሷ መልሳ የምትበላው ምግቧ ነው። አዘውትሮ ወለል ላይ ከቀረ አመጋገቧን መርምሩ።

ለወራት ሳጥኗን ስትጠቀም የኖረች ጥንቸል በድንገት ከተወችው ግን እንደ አዲስ ለማስለመድ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት፤ ፊኛዋን አሟት ሊሆን ይችላል። ያረጀች ከሆነች ደግሞ መገጣጠሚያዋ አሟት የሳጥኑን ጠርዝ መዝለል አቅቷት ይሆናል፤ መግቢያውን ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡላት።